ያልተመሰገነው አጫራች

“ዛሬ ማታ ስሜን ከጠራሽ ተነሥቼ ወደ ቤቴ ነው የምሄደው!” አለ ታውኖ፣ ልጁ ሪካ ከረባቱን እያስተካከለችለት።

“አባዬ፣ በሞቴ ዝም ብለህ ቁም። ከረባትህ ተጣመመ።”

“ምላሱ የተጣመመ ሰው ከረባቱ ቢጣመም ምን አለበት?”

ሪካ ሳቋ አመለጣት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ኦውሉ ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ውስጥ የዶክትሬት ጥናቷን በሰው ፊት ቆማ ልትከላከል ነው፤ አባቷን ያስጨነቀው ግን የማታው ራት ነበር። በወጉ መሠረት አዲሷ ዶክተር ራት ላይ የረዷትን ሰዎች በተራ ታመሰግናለች፤ የተመሰገነ ሁሉ ደግሞ በዚያው ተራ ተነሥቶ ንግግር ማድረግ አለበት። ማምለጫ የለውም።

ታውኖ ዱሮ በሰሜን መንደሮች እየዞረ ሐራጅ የሚያጫርት ሰው ነበር። ምላሱ ጤፍ ይቆላል፤ ያረጀ የወተት ጋን ሲያጫርት እንኳ ሰዉ በሳቅ እየፈረሰ ዋጋ ይጨምርለት ነበር። በኋላ ምላሱን ካንሰር ያዘው። ሐኪሞች ግማሹን ቆርጠው ከክንዱ በወሰዱት ሥጋ ተኩለት፤ ዳነ። ይሁንና ንግግሩ ተኮላተፈ፤ አንድ ቀን ገበያ ውስጥ አንድ ጎረምሳ “ሽማግሌው ገና በጠዋቱ ጠጥቷል” ብሎ ሲያሾፍበት ሰማ። ከዚያ ወዲህ ከሚስቱና ከልጁ በቀር ለማንም ቃል አይተነፍስም። ለምን ሲሉት “ዝም አይነቅዝም” ይላል።

“እሺ፣ አልጠራህም” አለች ሪካ። “ቃሌ ነው።”

“ተባረኪ!”

ሪካ ወደ መድረኩ ወጣች። ፈታኟ ከኖርዌይ የመጣች ፕሮፌሰር ስለነበረች ክርክሩ በእንግሊዝኛ ነው፤ መግቢያውን ግን ሪካ በአገሯ ቋንቋ፣ አባቷም እንዲገባው አድርጋ ተናገረች።

“ከምላሳችን ሽፋን ሥር ስስ ግድግዳ አለ” አለች። “ካንሰሩ ያንን ግድግዳ ጥሶ ወደ ውስጥ የሚገባው ኢንዛይም በሚባሉ ጥቃቅን መቀሶች እየቆረጠ ነው። መቀሶቹ የገዛ ሰውነታችን ናቸው፤ ቁስላችን እንዲሽር የሚያግዙንም እነሱ ናቸው። ዱሮ ሐኪሞች ‘መቀሶቹን ሁሉ እናዶልድም’ ብለው ሞከሩ፤ አልተሳካም። እኔም የምላስ ካንሰር ሴሎችን ወስጄ፣ ሴቶች ከማህፀናቸው በቀዶ ጥገና ወጥቶላቸው በለገሱን፣ ካንሰር ባልሆነ የእጢ ሥጋ ላይ፣ እንደ ሰው ገላ እንዲሆንልኝ ብዬ አስቀመጥኳቸው። ምን ያህል ዘልቀው እንደሚገቡ አየሁ። ከመቀሶቹ አንዱ ለካንሰሩ አልታዘዝም ብሏል። እሱ በበዛበት ካንሰሩ መዝለቅ ያቅተዋል። እኛ ሁሉንም ስናዶለድም ጠባቂያችንንም አብረን ትጥቅ አስፈትተን ይሆናል።”

ታውኖ ከወንበሩ ወደ ፊት ተጠጋ። ያን ሁሉ ጊዜ ገላዬ ከዳኝ ብሎ አኩርፎ ነበር። ለካ ከገዛ ሥጋው መካከል ሲሟገትለት የኖረም አለ! ደስ አለው፤ በጣም ደስ አለው።

“ሰማህ?” አለችው ሚስቱ ራይሊ በጆሮው። “ከመቀስም እንደ እኔ ታማኝ ይገኛል።”

“አንቺማ ያገኘሽውን ሁሉ ነው የምትቆርጪው።”

“እሰይ! ስድብህ ተመለሰልህ ማለት ነው።”

ፕሮፌሰሯ ሪካን ስታፋጥጣት ቆይታ በመጨረሻ ተነሥታ ጥናቱ እንዲጸድቅ ሐሳብ አቀረበች፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ራቱ ላይ ሪካ ፈታኟን አመሰገነች፤ ከዚያ ክርክሩን የመራውን ሊቀመንበር፣ የላቦራቶሪ ባልደረቦቿን፣ መጨረሻ ላይ እናቷን። ተመስጋኞቹም በተራቸው ተናገሩ። ራይሊ ስትነሣ እንዲህ አለች፦ “ይቺ ልጅ ጥያቄ የምታበዛው በእኔ ወጥታ ነው። መልስ ካላገኘች ንቅንቅ አለማለቷ ግን በማን እንደሆነ እንዳልናገር ተከልክያለሁ።”

እንግዳው ሁሉ ሳቀ። ታውኖም የተፈጨው ድንች ካፉ ሊያመልጠው እስኪደርስ ሳቀ።

ተራው በዚያ አለቀ። ሪካ ቃሏን ጠብቃለች፤ ወደ አባቷ ዞር እንኳ አላለችም። ታውኖ የለመነውን አገኘ፤ ዓይኑን ግን ከልጁ ላይ አላነሣም። ልጁ ያን ሁሉ ዓመት ማይክሮስኮፕ ላይ አቀርቅራ የከረመችው ለማን ብላ እንደሆነ ያውቃል። አንደበቱ ሲንተባተብ ይህ ሁሉ የተማረ ሰው ምን እንደሚለውም አሰበ። ቢስቁስ? ይሳቁ!

ሊቀመንበሩ ግብዣውን ለመዝጋት ብድግ ሲል ታውኖ ቢላዋ አንሥቶ ብርጭቆውን ኳ! ኳ! አደረገው። ሪካ ዞረች።

ራይሊ ክንዱን ያዘችው። “አንተ፣ ምን ልትሆን ነው?”

“ልናገር።”

“ማን አመሰገነህና?”

“ማንም” አለ ታውኖ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ እየተነሣ። “እኔ ግን የማመሰግናት ልጅ አለችኝ።”