የቀሩ ሁለት ሴቶች

ሰፈሩ «ተኳሿ» ይላታል። ካውያ እንጂ ጠመንጃ ይዛ አታውቅም፤ ላውንደሪ ቤት ገብታ የሰው ሸሚዝ መተኮስ ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። አንገትጌና እጅጌ ላይ የሚደርስባት የለም። ግን ከካውያው ይልቅ ቶሎ ቶሎ የምታነሳው ስልኳን ነው። በየሰዓቱ ቤት ትደውልና «እማዬ አለች?» ትላለች። «አሉ» ሲሏት ትዘጋለች። የሥራ ባልደረቦቿ «ምነው፣ እናትሽ ክንፍ አላቸው እንዴ?» እያሉ ይስቁባታል። እሷ አትስቅም። እናቷ አንድ ቀን ብድግ ብለው እንደሚሄዱ፣ እሷ ግን እንደምትቀር ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ እርግጠኛ ናት።

ያደገችው ጌታ ድንገት መጥቶ የራሱን ሰዎች ይወስዳል፣ ኃጢአተኛው ይቀራል ብሎ በሚጠብቅ ቤት ውስጥ ነው። ብዙ ሰው እጠብቃለሁ ይላል፤ እናቷ ግን የምር ይጠብቁ ነበር። የቆሸሸ ሳህን አያሳድሩም፤ «እንዲህ ተዝረክርከን ይድረስብን?» ይላሉ። ቂምም አያሳድሩም፤ ከጎረቤት ጋር ቃል ከተለዋወጡ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሄደው ይቅርታ ይጠይቃሉ። ይህን ማን ይጠላል? በዚያ ሰፈር ከእሳቸው ጋር ሁለት ቀን ተኳርፎ የሰነበተ ሰው አልነበረም። ልጅቱ ግን ውሸት አፏ ላይ በመጣ ቁጥር ቀና ብላ ሰማዩን ታይ ነበር። በዚያች ቅጽበት ቢከፈትስ? ዛሬ አርባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አሁንም ለደንበኛ «ነገ ይደርሳል» ብላ መዋሸት አይሆንላትም። የላውንደሪው ባለቤት በዚህ የተነሳ ልብስ መቀበያው ጋ አያስቆማትም።

ሁሉም የመጣው ከአንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሩ ገርበብ ብሏል። ምድጃው ላይ ድስቱ ይንተከተካል። የእናቷ ጫማ ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ መነጽራቸው የተገለጠ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ነው። እናቷ ብቻ የሉም። «እማዬ» አለች። ጓዳ አየች፣ ጓሮ አየች። ከዚያ ገባት። ጌታ መጥቶ እናቷን ወስዷል፤ እሷን ትቷታል። ጠዋት ስኳር ሰርቃ ቅማ ነበርና። ምን ያህል እንደቆየች አታውቅም። በኋላ እናቷ ብቅ አሉና «ጎረቤት ዘንድ ነበርኩ» ብለው አቀፏት። ያ ባዶ ቤት ግን ከውስጧ አልወጣም። ዛሬም ባሏ መታጠቢያ ቤት ቆየት ካለ በሩን ታንኳኳለች፤ ሰው የሌለበት ክፍል የምትገባው ስም እየጠራች ነው።

እናቷ አሁን ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ከእሷ ጋር ይኖራሉ። ከሁለት ዓመት ወዲህ አእምሯቸው ሄድ መለስ ይላል። የዛሬን ቁርስ ይረሱና የዛሬ አርባ ዓመቱን ትናንት ያደርጉታል። ቀን ቀን ጡረታ የወጣች አስተማሪ ጎረቤት አብራቸው ትውላለች።

አንድ ማክሰኞ ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ። ተኳሿ ደግማ ደወለች። ሦስተኛው ላይ ካውያውን ነቅላ፣ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ወጣች። መንገዱ ጭር ብሎባት ነበር፤ የሥራ ሰዓት ነውና ምን ይደንቃል፤ እሷ ግን እያንዳንዱን የተዘጋ በር እያየች ሮጠች። ደረጃውን ወጣች። በሩ ገርበብ ብሏል። ለካ አስተማሪዋ መድኃኒት ቤት ደርሳ ልትመለስ ወጥታ ወረፋ ይዟት ኖሯል፤ ይህን የሰማችው ግን በኋላ ነው።

እናቷ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። «አለሽ እማዬ» አለች፤ ትንፋሿ ተመለሰ። እሳቸው እንደማያውቋት አዩዋት።

«አንቺም ቀረሽ፣ እህቴ?»

«ከምኑ ነው የቀረሁት?»

«ጌታ መጥቶ ሄደ እኮ። ብጣራ ብጣራ ማንም የለም። ሁሉንም ወስዷቸዋል። ልጄንም ወስዷታል።» ይህን ሲሉ ፊታቸው በራ። «እሷስ እንኳን ሄደችልኝ፤ ተመስገን።»

«ማንም አልመጣም እማዬ። እኔ ነኝ ልጅሽ።»

«ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው» አሉ ቆጣ ብለው። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «እኔ የቀረሁት በእሷ ምክንያት ነው። ስኳር ትሰርቅ ነበር፤ ላስተምራት አልኩ። ድስቱን ጥጄ፣ ጫማዬን አውልቄ ቁም ሳጥን ውስጥ ገባሁ። በስንጥቁ አያታለሁ። አላለቀሰችም፤ መሬት ቁጭ ብላ ተንቀጠቀጠች። ልውጣ እላለሁ፣ ደሞ ትንሽ ትቆይ፣ ልቧ ይያዘው እላለሁ። ስወጣ ጎረቤት ነበርኩ ብዬ ዋሸኋት። ስንቱን ሰው ይቅርታ ስጠይቅ ኖሬ እሷን ብቻ ሳልጠይቅ ቀረሁ። አሁን ማንን ልጠይቅ?»

ተኳሿ መስኮቱ ጋ ሄዳ ቆመች። ተናደደች፤ ከአንገቷ እስከ ጣቶቿ ጋለች። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ሲያባንናት የኖረው ቤት ባዶ አልነበረም። እናቷ እዚያው፣ ሦስት እርምጃ ላይ ነበሩ። «እኔ ነኝ፣ እዚሁ ነኝ፣ ሥራሽን እይው» ልትላቸው አፏን ከፈተች።

ግን ቢያምኗትስ? ልጅቷም ቀርታለች ማለት ይሆናል፤ የቀረቻቸው አንዲት ደስታ ትጠፋለች። ዝም ብትል ደግሞ ይቅርታ የሚጠይቁት ሰው እንደፈለጉ መቃብር ይወርዳሉ። አእምሯቸው እስኪመለስ ብትጠብቅ፣ ነገ ጠዋት ይኸው ነገር እንደገና ይመጣል።

ተመልሳ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ልጅዎ ልካኝ ነው» አለች። ወደ ላይ አላየችም።

«ማን?»

«ልጅዎ። ይቅር ብያታለሁ በያት ብላኛለች።»

እናቷ አፍጥጠው አዩዋት። «ከልቧ?»

ይህኛው ውሸት እንዲሆን አልፈለገችም። ልቧን ፈተሸች። ንዴቱ እዚያው ነበር፤ የትም አልሄደም። ከጎኑ ግን ጨለማ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆማ የምትንቀጠቀጥ የአርባ ዓመት ሴት አየች፤ ጌታ ሲመጣ ልጇ እንዳትቀርባት ከመፍራቷ የተነሳ ልጇን በፍርሃት ልትገድል የደረሰች ሴት። አሳዘነቻት።

«ትንሽ አኩርፋለች» አለች። «ግን ይቅር ብላለች።»

እናቷ ሳቁ፤ እንባቸው በሳቃቸው መሃል ወረደ። «እሷው ናት። አውቃታለሁ፣ ኩርፊያ ትወዳለች።» በእጃቸው ጀርባ ፊታቸውን ጠረጉ። «እንግዲያው ለእኔም ተመልሶ ይመጣል?»

«ይመጣል።»

ውጭ አንድ መኪና አለፈ። ከዚያ የማያውቁትን እንግዳ ለማጫወት እንደሚደረገው ዞር ብለው አዩዋት።

«አንቺስ፣ እህቴ? ደህና ሰው ትመስያለሽ። ምን ሆነሽ ቀረሽ?»

ተኳሿ ብርድ ልብሱን እግራቸው ላይ ሳብ አደረገች።

«ማን ያስታምምዎታል ብዬ ነው» አለች።

እናቷ እጇን አንስተው ሳሙት። «ጌታ ይስጥሽ። ልጄንም ስታድግ እንዳንቺ ያድርግልኝ።» ክንዷን ነካ አደረጓት። «አሜን በይ እንጂ።»

«አሜን» አለች።