የትንሿ ሞተር ውርርድ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር ወር፣ ከአሥመራ አንዲት አዲስ የቤት መኪና ወደ ጎንደር መጣችና የፒያሳን ሰው እርስ በርሱ አናከሰችው። ከላይ ነጭ፣ ከታች ሰማያዊ ናት። ከኋላዋ ሁለት ቀጫጭን ክንፎች ተቀስረዋል፤ ከፊቷ ያለው ኒኬል እንደ መስታወት ስለሚያበራ ሰው ጢሙን ሊላጭበት ይችላል። ይዟት የመጣው እንኳየሁ የሚባል የአዘዞ ልጅ ነው። አሥመራ ሦስት ዓመት መካኒክነት ተምሮ፣ እዚያው ከአንድ መኪና ሻጭ ዘንድ ተቀጥሮ፣ ጸጉሩን በቅባት አስተኝቶ ተመለሰ። ከአገሩ ሲወጣ ባዶ እጁን ስለነበር፣ አሁን የመኪና ቁልፍ በጣቱ ላይ ማሽከርከር አብዝቷል።

መኪናዋን ያቆማት ውዱ ከሚባል ሰው ጋራዥ በራፍ ላይ ነው። ያ በራፍ የመኪና ወዳጆች ሸንጎ ነው። የጭነት መኪና ባለቤት ይመጣል፣ ሹፌር ይመጣል፣ ብስክሌት እንኳ ኖሮት የማያውቅም ይመጣል፤ ከሁሉም አብዝቶ የሚናገረው ግን ይሄ የመጨረሻው ነው።

ክርክሩ የጀመረው በመልኳ ነው። ግራዝማች ተክለ ጊዮርጊስ፣ ድሮ ዳኛ የነበሩ አሁን ጡረታ የወጡ ሽማግሌ፣ ወንበሯን ሊሞክሩ ሲገቡ ባርኔጣቸው ከበሩ ጫፍ ተጋጭቶ ወደቀ። ጎንበስ የምለው ለእግዜርና ለንጉሥ ነው፣ ለቆርቆሮ አልጎነብስም ብለው ተመለሱ። ሌላው ክንፎቹን እያየ ለምን እንደሚያገለግሉ ጠየቀ። እንኳየሁ የዘመኑ ፋሽን ነው ቢለው፣ ለፋሽኑም አብረን ልንከፍል ነዋ አለና ሰዉን አሳቀበት። እንኳየሁ ሳቁን አልወደደውም። እዚህ አገር ያለው ሰው ዓይኑ ከበቅሎ በላይ አላይ ብሎ ነው ሲል ነገሩ መረረ።

ከመልኳ ወደ ዋጋዋ፣ ከዋጋዋ ወደ ሞተሯ ሄዱ። መኪናዋ የምትሸጠው በሁለት ዓይነት ሞተር ነው። ባለ ትንሽ ሞተሯ አምስት ሺህ ስድስት መቶ ብር ናት፤ ባለ ትልቋ ስድስት ሺህ ሰባት መቶ። እንኳየሁ ያመጣት ትንሿን ነው። ሊገዛ ቆርጦ የመጣ ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፤ የጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ሷሊሕ። ሐጂ በየወሩ አሥመራ ይወርዳሉ፤ ከእንግዲህ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ተጣብቤ አልሄድም ብለዋል። ግን በሺህ አንድ መቶ ብር ልዩነት ስንት በሬ እንደሚገዛ በልባቸው ማስላት ጀምረዋል።

አለነ ይህን ሁሉ የሚሰማው በራፉ ላይ ከተጋደመ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ነው። አለነ ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ ሃያ ዓመት የሊማሊሞን መንገድ በጭነት መኪና ሲመላለስ የኖረ ሹፌር ነው፤ አሁን የሚነዳው የውዱን ካሚዮን ነው። ወገቡ አልቋል። ማታ ማታ ሚስቱ ወለላ በቅቤ ካላሸችው ጠዋት አይነሳም። ሐጂ ሷሊሕ የቤት መኪና የገዛሁ ቀን መሪዋን የምትይዘው አንተ ነህ ብለው ቃል ከገቡለት ዓመት ሆኗል፤ ያን ቃል ይዞ ነው ዓመቱን የገፋው። ስለዚህ የሚገዙት የትኛዋን እንደሆነ ከሐጂ ይልቅ የሚያሳስበው እሱን ነው፤ ገደል ላይ ይዟት የሚቆመው እሱ ነውና።

«ሐጂ፣ ትልቋን ይግዙ» አለ። «ትንሿ ለፒያሳ ሸጋ ናት። አምስት ሰው ጭና ከዛሪማ ሊማሊሞን ግን አትወጣም።»

እንኳየሁ ቁልፉን ማሽከርከሩን አቆመ። «አያ አለነ፣ አንቱ የሚያውቁት የጣሊያን ካሚዮን ነው። ይቺን እኛ ከነሥዕሏ ተምረናታል።»

ከዚያ በኋላ የተባባሉትን ሁሉ መድገም አያስፈልግም። አለነ፣ የአሥመራው መኪና ሻጭ ግቢ ሙሉ ባለ ትንሽ ሞተር መኪና ገዢ አጥቶ እንደቀረበት ከአሥመራ ሹፌሮች መስማቱንና እንኳየሁም ለዚያ የተላከ አሻሻጭ መሆኑን ተናገረ። እንኳየሁ ደግሞ አለነ ትልቅ ሞተር የሚመኘው በሰው ገንዘብ ሊኮራ ነው አለ። በነገሩ ጥቂት እውነት ነበረበት፤ ስለዚህ አለነን አንገበገበው። ነጠላውን አደገደገ፤ እንደ ተሟጋች ዱላውን ወደ እንኳየሁ ቀስሮ ከግራዝማች ፊት ቆመ።

«ጃንሆይ ይሙት! ይቺ ማኪና አምስት ሰው ጭና ሊማሊሞን ከወጣች፣ እኔ አለነ ዳግመኛ መሪ አልጨብጥም።»

በዚያን ጊዜ በንጉሥ ስም የማለ ሰው፣ ያውም በሽማግሌ ዳኛ ፊት፣ ቀልዴን ነው ማለት አይችልም። ግራዝማች ከተቀመጡበት ቀና አሉ። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ሰው ችሎት አስቀምጧቸው አያውቅምና ደስ አላቸው። እንደ ጥንቱ ሥርዓት ዋስ ጥራ አሉት። አለነ ውዱን ጠራ፤ ውዱም ሹፌሩን ሊያጣ እንደሚችል እያወቀ፣ እምቢ ቢል ነውር ስለሆነበት ዋስ ሆነ።

«ማን ይንዳት?» ብለው ጠየቁ ግራዝማች።

አለነ ቀዝቀዝ ብሎ ቢሆን ኖሮ እንኳየሁ ይንዳት ይል ነበር፤ ነገሩም እዚያው ያልቅ ነበር። ግን ተሟጋች የሚረታው አብዛኛውን ጊዜ በባላጋራው ጉልበት ሳይሆን በራሱ ትርፍ ቃል ነው።

«ማንም ይንዳት» አለ።

ያን ጊዜ ሐጂ ሷሊሕ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እሳቸው ካልተሳፈሩና በዓይናቸው ካላዩ እንደማይገዙ፣ ሊማሊሞን ደግሞ ጸጉሩን በቅባት ካስተኛ ልጅ ጋር እንደማይወርዱ፣ ነፍሳቸውን የሚሰጡት ለአለነ ብቻ እንደሆነ ተናገሩ። በራፉ በሳቅ ፈረሰ።

በማግስቱ አምስት ሆነው ተነሡ፦ አለነ መሪው ላይ፣ ሐጂ ከጎኑ፣ ግራዝማችና ውዱ እንኳየሁን መሐል አድርገው ከኋላ። በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባት አድርገው ደባርቅ አደሩ። ሐጂ ከቤታቸው ያስያዙትን ስንቅ ለብቻቸው በሉ፤ ሌሎቹም ስለተኮራረፉ ለየብቻቸው በሉ። አለነ እንቅልፍ አልወሰደውም። መኪናን ማስቀረት እንዴት ቀላል እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል። ማርሿን ትንሽ ማዘግየት፣ ፍሪሲዮኑ ላይ እግርን ትንሽ ማሳረፍ፤ በቃ፣ ትሸታለች፣ ትፈላለች፣ ትቆማለች። ማንም አያውቅበትም። መሪውም፣ እንጀራውም፣ የሐጂ ቃልም ይተርፍለታል። ሲነጋ ሊያስቀራት ቆርጦ ተነሣ።

ቁልቁለቱን ወርደው ዛሪማ ሲደርሱ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች፤ ገበያ ስለነበር ሰው ከበባቸው። አለነ ለመመለስ ቁልፉን ሊያዞር ሲል እንኳየሁ ከመኪናዋ ወረደ። ገበያተኛው እስኪሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ግራዝማች፣ አንድ ነገር ይያዝልኝ» አለ። «ይሄ ሰውዬ ማኪናዋን ሆን ብሎ ሊያቃጥላት ነው። በሌባ እጅ ንብረት ሰጥተን ነው የምንሄደው።»

እስከዚያች ሰዓት አንቱ ሲለው የነበረ ልጅ ነው። አለነን ሃያ ዓመት ሲነዳ አንዲት ብሎን ጎደለ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም፤ ሌባ ተብሎም አያውቅ። ሊያደርግ ያሰበውን አውቆ ስለነገረው ይበልጥ ተናደደ። ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ፤ እንጨት ቆርጦ ከጫፉ ሥር ሻጠና ሞተሯ እንድትተነፍስ ገርበብ አድርጎ ተወው። ሦስት ጀሪካን ውሃ አስሞላ። ከዚያ ገባና ነዳ።

አወጣጡን ያዩት ሁሉ ለዓመታት አውርተውታል። ጠመዝማዛው ሳይደርስ ገና ከሩቁ ማርሽ ይቀንሳል፤ እጥፋቱ ላይ ሲደርስ ማርሽ አይነካም። ጎማውን ከገደሉ አፍ ድረስ አውጥቶ በሰፊው ያዞራታልና ዳገቱ ይለሳለስላታል። ግራዝማች ዓይናቸውን ጨፍነው እመቤቴን ይጠራሉ፤ ሐጂ ያ ረቢ ይላሉ። ነፋስ የሚመታበት ቦታ ሲያገኝ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዙሮ ያቆማታል፤ ሞተሯን ሳያጠፋ ራዲያተሯ ላይ ከውጭ ውሃ ያርከፈክፋል። ደግሞ ይነዳል። እንዲህ ያለች ለእጅ የምትታዘዝ መኪና ይዞ አያውቅም። በውስጥ እግሩ እየሰማት፣ ልትደክም ስትል እየተዋት፣ ስትበረታ እየጠየቃት ወጣ። በመሐሉ ንዴቱ ለቀቀው። ውርርዱንም ረሳው፤ ደስ አለው።

የደባርቅ ባሕር ዛፍ ብቅ ሲል ነው የሠራውን ያስታወሰው። መኪናዋን ቀስ ብሎ ሜዳው ላይ አቆማት። ሞተሯ እንደ ጠዋቱ ትሠራለች።

ሁሉም ወረዱ። ግራዝማች ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ። «ወጥታለች፤ ተረትተሃል» አሉ።

«ማኪናዋ አልወጣችም ጌታዬ፤ እኔ ነኝ ያወጣኋት» አለ አለነ።

«ማን ይንዳት ብዬ ስጠይቅህ ምን አልክ?»

ሐጂ ሷሊሕ በመሐል ገብተው፣ አምስት ሰው ነን፣ እዚሁ ይቅር እንበለው፣ ሹፌሬን አትንሱኝ ብለው ለመኑ። ውዱም ለመነ። ግራዝማች በንጉሥ ስም የተማለውን ሊፈቱት እንደማይችሉ ነገሯቸው፤ ግን አንድ መንገድ አለ አሉ። ባላጋራው ራሱ ያወጣት ሰውየው ነው ብሎ ከመሰከረ፣ ክርክሩ ስለ መኪናዋ ነበርና ውርርዱ ይፈርሳል። አራቱም ወደ እንኳየሁ ዞሩ። አለነ በሕይወቱ ሰው የለመነው በዓይኑም ቢሆን ያን ቀን ብቻ ነው።

«የወጣችው ማኪናዋ ናት» አለ እንኳየሁ።

ሐጂ፣ እንግዲህ ከወጣች ሺህ አንድ መቶ ብር ለምን እጥላለሁ አሉና ትንሿን ለመግዛት እዚያው ከእንኳየሁ ጋር እጅ ተመታቱ፤ ሹፌር እስኪያገኙም እንኳየሁ ሊነዳላቸው ተስማማ። ሰዎቹ ውሃ ሊጠጡ ዘወር ሲሉ እንኳየሁ ወደ አለነ ተጠጋ።

«አያ አለነ» አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አሁን ደግሞ አንቱታው ተመልሶ። «እኔ ብነዳት ሦስተኛው እጥፋት ላይ ትቀር ነበር። እንደሚያስቀሯትም አውቄ ነበር። ሌባ ካልኩዎት ግን በእልህ እንደሚያወጧት ገባኝ።» እጁን ዘረጋ። «ቁልፉን።»

የአለነ ዱላ መኪናዋ ውስጥ ነበር። በእጁ ቢኖር ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር እግዜር ይወቅ። ቁልፉን ከሚጠብቀው እጅ ላይ አላስቀመጠም፤ መሬት ጣለው። እንኳየሁም ጎንበስ ብሎ አነሣው፤ ምንም ቅር አላለው።

ሲመለሱ አለነ ከኋላ፣ ከግራዝማች አጠገብ ተቀመጠ። እንኳየሁ ከመነሣቱ በፊት ያችን እንጨት ነቅሎ ኮፈኑን ግጥም አድርጎ ዘጋው፤ መልኳን ታበላሻለች አለ። ውሃውን አላየም። ዳባትን አልፈው ዳገት ሲይዙ ማርሹን ዳገቱ መሐል ላይ ቀየረውና መኪናዋ አቃሰተች። የአለነ ግራ እግር ፍሪሲዮን በሌለበት ወለል ላይ ተጫነ። ወዲያው የሚሸት ነገር መጣ። ራዲያተሯ ደርቋል፤ አሁን ቆመው ውሃ ካልሰጧት ከአምባ ጊዮርጊስ አታልፍም። አለነ ይህን ሁሉ በአፍንጫው ብቻ ያውቀዋል።

ሐጂ ሷሊሕ ከፊት ወንበር ዞር አሉ። «አለነ፣ ምንድነው የሚሸተው? ማኪናዬ ምን ሆናለች?»

«ነጂውን ይጠይቁ» አለ አለነ፤ ነጠላውን አፍንጫው ላይ ሸፈን አድርጎ ወደ መስኮቱ ዞረ።