በብብት ሥር የተጓዘ ናሙና

ልብስ ሰፊዋ በዚያ ጠዋት ታክሲ ውስጥ የተቀመጠችው ግራ ክንዷን ከጎኗ አጣብቃ ነበር። ብብቷ ሥር፣ ከሹራቧ ውስጥ፣ ክዳኑ ጥብቅ ያለ ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ አለ። ዕቃው ውስጥ ያለው የባሏ የዘር ፈሳሽ ነው። የላቦራቶሪው ሰዎች፣ «ቤት ከተወሰደ ሙቀቱን እንዳያጣ ከሰውነት ጋር አስጠግታችሁ፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላው አምጡት» ብለዋል። ታክሲው ግን ከቆመበት ንቅንቅ አላለም። ፊት ለፊት የጭነት መኪና መንገዱን ዘግቶ፣ ሾፌሮች ወርደው ይሰዳደባሉ።

«እህቴ፣ ክንድሽን ምን ሆነሽ ነው? ወለምታ ነው እንዴ?» አላት አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ።

«አዎ፣ ወለምታ ነው» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። በሆዷ ግን፣ ‹ወለምታውስ ቤት ነው የቀረው› አለች።

ከተጋቡ ስድስት ዓመታቸው ነው። ባሏ መካኒክ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ «ብረቱ» ይሉታል፣ ሞተር ብቻውን የሚያነሳ ይመስል። ልጅ እንቢ ሲላቸው ሐኪም ቤት የተመላለሰችው እሷ ናት። ደም ሰጥታለች። ማህፀኗ ውስጥ መድኃኒት ተረጭቶ ራጅ ተነስታለች፤ ያን ቀን ሕመሙ ወገቧን ለሁለት ከፍሎት፣ ግድግዳ እየደገፈች ነው ቤቷ የገባችው። ያዘዙላትን ኪኒን ሁሉ ውጣለች። ከእነሱ ጋር የሚኖሩት አማቷ፣ የባሏ እናት፣ ደግሞ ጎረቤት በመጣ ቁጥር፣ «ምን ይደረግ፣ ደረቅ መሬት ላይ ዘር ቢበተን ምን ይበቅላል» ይላሉ፤ እሷ በሩ ጀርባ መኖሯን እያወቁ።

ሐኪሟ ውጤቶቿን ሁሉ አገላብጠው ሲያበቁ፣ «አንቺ ምንም የለብሽም። ባለቤትሽስ?» አሏት።

ባለቤቷ! ያንን ጥያቄ ቤት ይዛ ስትሄድ ብረቱ ሳቀ። «እኔ? እኔ ምን ጎደለኝና ነው የምመረመረው? እኔን አታውቂኝም?»

«አውቅሃለሁ። እነሱ ግን በማይክሮስኮፕ ነው የሚያውቁት።»

ብዙ ተነታረኩ። በመጨረሻ እሷ መቀሷን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ፣ «ወይ ትመረመራለህ፣ ወይ ዛሬውኑ ለእናትህ የማይመረመረው ማን እንደሆነ በቤቱ መሐል ቆሜ እነግራቸዋለሁ» ስትለው እሺ አለ፤ ግን እዚያ አልሄድም አለ። ሰው ያየኛል። ቤት ይሁን፤ አንቺ ውሰጂው።

ጠዋት መታጠቢያ ቤት ገብቶ ቆለፈ። እናቱ በሩን ያንኳኳሉ። «ልጄ፣ ሆድህን ነው? ትናንት የበላኸው ነው? ሻይ ላፍላልህ?»

«እማዬ፣ እባክሽ ተይኝ!»

«ምነው ታዲያ ድምፅህ እንዲህ ሆነ? ይሄን ልጅ ምን አብልተሽው ነው አንቺ?»

አማቷን እንደምንም ወደ ጓሮ ወሰደቻቸው። ብረቱ ሲወጣ ሲሰርቅ የተያዘ ይመስል ነበር። ዕቃውን መዳፏ ላይ አድርጎ፣ ዓይኗን ሳያይ «ሂጂ» አላት። «አይዞሽ» የለ፣ «አመሰግናለሁ» የለ። ሂጂ።

ታክሲው አልሄድ ሲላት ወረደች። ክንዷን እንዳጣበቀች፣ የሰው ትከሻ እየገፋች፣ ግማሽ በሩጫ ግማሽ በእርምጃ ደረሰች። ከመስተዋት ጀርባ የተቀመጠችው እንግዳ ተቀባይ ቀና እንኳ አላለችም።

«የምን ናሙና ነው? ሽንት ነው ሰገራ?»

«የዘር» አለች ልብስ ሰፊዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«የምን? ጮክ በይ እንጂ፣ አይሰማም!»

ያኔ ከጠዋት ጀምሮ የዋጠችው ሁሉ ጉሮሮዋ ላይ ወጣ። «የባሌ የዘር ፈሳሽ ነው! አሁን ተሰማሽ? ወይስ ለዚህ ሁሉ ሰው ድጋሚ ልናገር?»

አዳራሹ ውስጥ ወረፋ ከሚጠብቁት አንድ ሽማግሌ ጋዜጣቸውን ወደ ፊታቸው አስጠጉ።

«ባለቤትሽ ራሱ ነበር መምጣት የነበረበት» አለች ልጅቷ ተደናግጣ።

«ባለቤቴ የሰው መኪና እየጠገነ ነው። የራሱን እኔ ይዤለት መጣሁ።»

ዕቃውን የተቀበላት የላቦራቶሪ ባለሙያ ረጋ ያለ ሰው ነበር። መቼ እንደተወሰደ፣ የፈሰሰ እንዳለ፣ ሳሙና ነክቶት እንደሆነ ጠየቃት። መለሰችለት። ወጥታ ወደ ስፌት ቤቷ ሄደች፤ ክር ግን በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት አቃታት።

ውጤቱን የነገሯት ሐኪሟ ናቸው። ፈሳሹ ውስጥ የዘር ሕዋስ አልታየም፤ አንድም። ለእርግጠኝነት መደገም አለበት።

ማታ ለብረቱ ስትነግረው ፊቱ ተለዋወጠ።

«አቀዝቅዘሽው ነው።»

«ምን አልክ?»

«ታክሲው ቆመ አላልሽም? በእግሬ ሄድኩ አላልሽም? መንገድ ላይ ገደልሽው! አንድ ዕቃ በሥርዓት ማድረስ ያቅትሻል?»

አማቷ ጩኸቱን ሰምተው ከጓዳ ወጡ። ነገሩ ሲገባቸው እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጫኑ። «የልጄን ዘር በጎዳና ስታንገላቺው! ወትሮስ አንቺ እጅ የገባ ነገር መቼ ይበረክታል?»

ልብስ ሰፊዋ ያን ሌሊት ጥርሷን ነክሳ አደረች። የሚያበሳጨው ደግሞ፣ እሷም ጥርጣሬ ገብቷት ነበር። እውነት እኔ አበላሽቼው ይሆን? ሲነጋ ወደ ላቦራቶሪው ሄዳ ያንን ባለሙያ አስጠራችው።

«ብርድ አግኝቶት ይሆን? እውነቱን ንገረኝ፣ ወንድሜ።»

«ብርድ ቢያገኛቸው ሕዋሶቹ ይደክማሉ፤ ሊሞቱም ይችላሉ» አላት። «ግን የሞተውም በማይክሮስኮፕ ይታያል። የትም አይሄድም። እኛ ደጋግመን ፈልገን ሕያውም የሞተም አላገኘንም። ይሄ ያንቺ ጥፋት አይደለም። ለማረጋገጥ ግን ሌላ ናሙና አምጡ።»

አመስግናው ወጣች። በመንገድ ላይ ቁጣዋ በየእርምጃው እየሞቀ ሄዶ ቤት ስትደርስ ፈላ። እናትና ልጅ ተቀምጠዋል። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ጀመረች።

«ገደልሽው ብለኸኝ ነበር። ከገደልኩት ሬሳው የት አለ?»

ብረቱ ወደ እናቱ ዞረ። እሷ ግን ቀጠለች።

«የሞተም ይታያል አለኝ ሰውዬው። አንድ ሬሳ አልተገኘም! እዚያ ዕቃ ውስጥ መጀመሪያውኑ ማንም አልነበረም። አሁን ሌላ ናሙና ያስፈልጋል። እኔ ግን ካሁን በኋላ ያንተን ነገር በብብቴ አልሸከምም። እግር አለህ፣ ብብት አለህ፣ ራስህ ውሰደው።»

«ልጄን በቤቱ ታዋርጂዋለሽ!» አሉ አማቷ።

«እርስዎ እኔን ሲያዋርዱኝ የማን ቤት ነበር?»

ብረቱ ለሳምንታት ሲያመነታ ቆይቶ አንድ ቀን ሄደ። ብቻውን ሄደ። ውጤቱ ያው ነበር። ሐኪሟ ሁለቱንም አስቀምጠው፣ እሱን መርምረው፣ ብዙ ጥያቄ ጠየቁት። በመሐል፣ «በጉርምስናህ ጆሮ ደግፍ ታመህ ታውቃለህ?» አሉት።

ብረቱ ግንባሩን አሻሸ። ታሟል። ጉንጩ አብጦ ነበር፤ ከዚያ እብጠቱ ወደ ታች ወርዶ መራመድ አቅቶት ተኝቷል። እናቱ ጤና ጣቢያ ወስደውታል። ሐኪሙ «አንተ ውጭ ጠብቅ» ብሎት፣ እናቱ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር የወጡት። ያኔ በሕመሙ ስላዘኑ ብቻ መስሎት ነበር።

«እርግጠኛ መሆን አይቻልም፤ ምክንያቱ እሱ ሊሆን ግን ይችላል» አሉ ሐኪሟ። «ገና የሆርሞን ምርመራ አለ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ምን ማድረግ እንደሚቻል እናያለን። በሩ አልተዘጋም።»

ወደ ቤት ሲመለሱ አማቷ ልብስ እያጣጠፉ ነበር። ብረቱ ፊታቸው ቆመ።

«እማዬ፣ ያኔ ጆሮ ደግፍ ሲይዘኝ፣ እኔን አስወጥቶ ሐኪሙ ምን አለሽ?»

«ኧረ ስንት ዘመን ያለፈውን…»

«ምን አለሽ?»

እጃቸው ልብሱ ላይ ቀረ። «ልጅ ላይወልድ ይችላል አለኝ። ይችላል ነው ያለኝ! እግዜር ያውቃል ብዬ ተውኩት።»

«ለእኔ ግን አልተዉትም» አለች ልብስ ሰፊዋ። ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ባሏ ይሄን ድምፅ ሰምቶት አያውቅም። «እያወቁ! ያ ራጅ የተነሳሁ ቀን፣ አጎንብሼ ስገባ፣ ‹ደረቅ መሬት› ብለውኛል። እያወቁ!»

«ምን ላድርግ? የገዛ ልጄን ስም ላጥፋ?»

«የእኔን አጠፉ። እኔንስ እናት አልወለደችኝም?»

አማቷ ለቅሶ ጀመሩ። ብረቱም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፈነ፤ ትከሻው ይርገበገባል። ትንሽ ቆይቶ እጁን ወደ እሷ ዘረጋ። እንድታባብለው ነው። በዚህች ቅጽበት እንኳ አጽናኚ የምትሆነው እሷ ናት! እውነት ለመናገር አዘነችለት። እጇን ግን አልሰጠችውም።

«አልቅስ» አለችው። «ያስለቅሳል። እኔም አልቅሻለሁ፣ አንተ እያንኮራፋህ። ስታበቃ ግን ሥራ አለህ።»

«የምን ሥራ?»

«እናትህ ስሜን ያላደረሱበት ቤት የለም። እኔ ዞሬ አላስተባብልም። በራስህ አፍ ትናገራለህ፤ እኔም እሰማለሁ።»

እሁድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሌላ ሴት አግባ ብለው ይመክሩት ለነበሩት ታላቅ አጎቱ ስልክ ደወለ፤ እሷ ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «አጎቴ፣ ችግሩ ከእሷ አይደለም፤ ከእኔ ነው» አለ። ከወዲያ ሳል ተሰማ። «እንግዲህ… አይዞህ ልጄ» አሉ አጎትየው።

«‹አይዞህ› ብቻ ነው?» አለች ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ። «እሱን ‹ፍታት› ሲሉት እኮ ብዙ ቃል ነበረዎት።»

አጎትየው ተንተባተቡ፤ ይቅርታ የሚመስል ነገር አጉተመተሙ። ብረቱ ቀጥሎ ለእህቱ ደወለ። ድምፁ ሁለት ጊዜ ተቆረጠበት፤ ተናገረ ግን። አማቷ ጓዳ ገብተው በሩን ገጥመው ነበር፤ እሷ ተነስታ ከፈተችው።

«ይስሙ» አለች።

ብረቱ ስልኩን ሲዘጋ ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሎ ነበር። ቀና ብሎ አያት።

«በቃ?»

ልብስ ሰፊዋ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች።

«አልበቃም» አለች። «አክስትህ ቀርተዋል። ደውል።»