ጭድ የተሞላው ጥጃ

የቁሐር ሚካኤሉ ገበሬ ያየህ ትኩሳት ከያዘው አራተኛ ወሩ ነበር። የጎንደር ሐኪሞች ደሙን ሦስት ጊዜ ቀድተው፣ በጠርሙስ አስቀምጠው ጠበቁ። ምንም ተሕዋስ አልበቀለም። «ደሙ ንጹሕ ነው» ብለው ወደ ቤቱ መለሱት።

የወረታ ጤና ጣቢያ ድሬሰር አዛናው የሐኪሞቹን ወረቀት ሲያነብ ተናደደ። ንጹሕ ደም ሰውን አጥንቱ እስኪቆጠር ያከሳዋል? በማዳመጫው የሰማው ሌላ ነው፤ ከያየህ የልብ ምት ኋላ አንድ ነገር በረግረግ ውስጥ እግሩን እየጎተተ ይከተል ነበር።

የያየህ ሚስት ድንቅነሽ ወደ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ልትወስደው በቅሎ መዋሷን ሲሰማ፣ አዛናው ውሃ በያዘው ሜዳ እየተንቦጫረቀ ቤቷ ደረሰ።

«እትዬ ድንቅነሽ፣ ልቡ ታሟል። መንገድ ላይ ይሞትብዎታል።»

«ምንም የለበትም ያላችሁ እናንተ አይደላችሁ? ታዲያ ለምን ትከለክለኛለህ?»

የአዛናው ዓይን የቤቱን ጨለማ ሲለምድ፣ ያየህ ከተኛበት መደብ አጠገብ አንድ ጥጃ ቆሞ አየ። ጆሮው አይነቃነቅም፤ አይተነፍስም። ላሚቱ ግን ቀስ እያለች ትልሰዋለች። በዓይኖቹ ቦታ ሁለት ቀዳዳ፣ በሆዱ ስፌት ጭድ ብቅ ብሏል።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«ቆዳው ነዋ። ጥጃው ወሩ ሳይደርስ ሞቶ ተወለደ። ቆዳው ካልቆመላት ወተቷን ትይዛለች። የማን አገር ሰው ነህ አንተ?»

«ማን ገፈፈው?»

«እኔ፣ ከመታመሜ በፊት» አለ ያየህ ከመደቡ፣ በደከመ ድምፅ። «በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስቱም ላሞች ያለ ቀናቸው ጣሉ።»

ጥጃን በማኅፀን የሚገድለው ነገር ሰው ልብ ውስጥ ገብቶ በጠርሙስ ቶሎ አይበቅልም፤ አዛናው ይህን ተምሮታል። ስለ ከብቱ የጠየቀ ግን አልነበረም። እሱም አልጠየቀም፤ ከሁሉ ያናደደው ይኸው ነው። ደም ቀድቶ፣ የከብት ውርጃ በሽታ እንዲመረመርለት ጽፎ ወደ አዲስ አበባ ላከ።

«አሥራ አምስት ቀን ይስጡኝ።»

«ቢሞትስ?»

«ይክሰሱኝ።»

«ክስ ባል ይሆነኛል?» አለች፤ በቅሎዋን ግን መለሰች።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን መልሱ መጣ። ያ በሽታ ነበር። ለሳምንታት የሚወሰድ መድኃኒት ተጀመረ፤ በዘጠነኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀውና ያየህ ቁጭ ብሎ እህል ጠየቀ።

አዛናው ዕቃውን ሰብስቦ ሊወጣ ሲል ድንቅነሽ በሩ ላይ ቆመች። እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ ክንዷን ዘረጋችለት።

«ከእኔም ቅዳ» አለች። «ሲገፈው እግሩን የያዝኩለት እኔ ነበርኩ። ከመስቀል ወዲህ ላብ ያጠምቀኛል።»