እንዳይከፈት ዱዓ የተደረገበት ፋይል

ያን ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በጅማው ጊንጆ ሰፈር ውስጥ ኮምፒውተሯ እንዳይሠራ ከልቧ የምትለምን ጸሐፊ ሩፈይዳ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። ሌላ ጊዜ መብራት በሄደ ቁጥር ስታማርር የምትውለው እሷ ነበረች። ዛሬ መብራቱ ከጧት ጀምሮ ብልጭ እንኳን አላለም። በግድግዳው ማዶ የፀጉር አስተካካዩ ማሽን ያለ እረፍት ያጉረመርማል።

ከኋላዋ አግዳሚው ላይ ሀጂ አብዱልሃዲ ሁለት እጃቸውን ከዘራቸው አናት ላይ ደራርበው ተቀምጠዋል። ልጃቸው ፋሂም ከሚኖሩበት ከሰቃ በአይሱዙ አምጥቷቸው፣ መኪናውን በር ላይ አቁሞ ውጭ በስልክ ያወራል።

ሀጂ ከወንድማቸው ልጅ ከቲጃኒ ጋር በአያት የቡና መሬት ድንበር ከተኳረፉ ቆይተዋል። ሽማግሌዎች ለምነው ለምነው ሲሰለቻቸው ነገሩን አዲስ አበባ ለሚኖሩት ለሀጂ ታላቅ እህት፣ ለወይዘሮ ዙህራ አሳለፉት። የወይዘሮ ዙህራ ጆሮ አይሰማም፤ ስለዚህ በስልክ አይሆንም። በቴሌግራም ይላክልዎት ቢባሉ ደግሞ አሻራ የሌለበትን ነገር አላምንም አሉ። “ሁለታችሁም ቃላችሁን በአማርኛ አስጽፋችሁ፣ አሻራ አድርጋችሁበት ላኩልኝ። አንብቤ እፈርዳለሁ። ያልላከ መሬቱን እንደተወ ነው የምቆጥረው” ብለዋል። ወረቀቱን የሚወስደው መንገደኛ ዛሬ ከዓስር ሶላት በኋላ ይነሳል።

ሀጂ ባለፈው ሳምንት ብቻቸውን መጥተው ነበር። በር ላይ በጆግ ውኃ ታጥበው ዉዱእ አድርገው፣ ወደ ቂብላ ዞረው ተቀምጠው በኦሮምኛ ተናገሩ፤ እሷ በአማርኛ ጻፈች። ሲጨርሱ፣ “ይህ ቃሌ ነው። እንዲህ ሆኜ አንዴ ተናግሬዋለሁ፣ ሁለተኛ አልናገረውም። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ትንሽ ከተዛነፈ አንዱ ውሸት ሊሆን ነው” አሉ። ማተሚያው ቀለም ጨርሶ ስለነበር ወረቀቱን ሳይወስዱ ሄዱ።

ሰኞ ዕለት ቲጃኒ መጣ። በጊንጆ ከሩፈይዳ የፈጠነ ጸሐፊ የለም፤ ስለዚህ የተጣሉ ሰዎች ሁሉ የሚያስጽፉት እሷ ዘንድ ነው፣ በተለያየ ቀን። የፍጥነቷ ምስጢር ቀላል ነው። አዲስ ገጽ ከፍታ አታውቅም። የበፊቱን ደንበኛ ጽሑፍ ትከፍትና ስሙንና ሆድ ዕቃውን አውጥታ የአዲሱን ትሞላበታለች፤ ኅዳጉ ተስተካክሎ፣ አርእስቱ ተሰምሮ ይጠብቃታል። የቲጃኒንም በሀጂ ላይ ሞላችው። መሬቱ ያው መሬት፣ ወይዘሮ ዙህራም ያው ወይዘሮ ዙህራ ናቸው። ስትጨርስ በሌላ ስም ማስቀመጥ ነበረባት። ቲጃኒ “ፈጠን በይ” ሲላት እጇ በልማድ ሴቭ አደረገ። ማተሚያው ቀለም ተገዝቶለት ነበርና ቲጃኒ አሳትሞ ወጣ፤ የሀጂም ቃል አብሮት ወጣ። አሁን በሀጂ ስም በተቀመጠው ፋይል ውስጥ ያለው ቲጃኒ ነው።

ማክሰኞ ነቢዩ ኮምፒውተሩን ቫይረስ ገብቶበታል ብሎ ፎርማት አደረገው። ነቢዩ ከወልድያ መጥቶ እዚህ ኮሌጅ የሚማር፣ ጎን ለጎን ኮምፒውተር የሚጠግን ወጣት ነው። ፋይሎቹን አትርፎላታል፤ ሲከፈቱ ግን የዶሮ ጭረት ሆኑ። ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅስ ነበር። ሩፈይዳ አልሐምዱሊላህ አለች።

አሁን ያው ነቢዩ ሀጂ አስጠርተውት መጥቶ፣ ወንበሯ ላይ ተቀምጦ፣ አልሐምዱሊላህ የተባለበትን ነገር እያስተካከለ ነው። እሷ ከጎኑ በርጩማ ላይ ናት።

“ሀጂ፣ እንደገና ልጻፍልዎት እኮ። አሁን ነው የምጨርሰው።”

“ማሎ፣ እባክሽ ልጄ፣ ነገርኩሽ። አንዴ ተናግሬአለሁ።”

“ኮምፒውተሩ ታሟል።”

“ሐኪሙ ይኸው” አሉ ሀጂ፣ ነቢዩን በአገጫቸው እየጠቆሙ።

ሐኪሙ ደስ ብሎታል። “አይዞሽ ሩፊ፣ ምነው ፊትሽ ጠቆረ? ፋይሉ አልሞተም። አየሽ፣ ኮምፒውተሩ የሚከፍተው በኖትፓድ ነው። ወርድን ትቶ ለማይመለከተው ሰጥቶታል፣ ለዚህ ነው የሚቃዠው።” ፋይሉን በቀኝ ተጫነ፣ ‘በዚህ ክፈት’ ከሚለው ውስጥ ወርድን መረጠ፣ ‘ሁልጊዜ’ የሚለው ላይ ምልክት አደረገ።

ገጹ ተከፈተ። ጭረቱ አሁን መስመር ይዟል። አርእስቱ መሐል ላይ ተሰምሮበታል፤ አንቀጾቹም ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል። ቃሉ ብቻ ነው የሌለው፤ ኤቢሲዲና ቅንፍ ተደበላልቆ ይታያል። ሩፈይዳ ከአንቀጾቹ ርዝመት ብቻ የቲጃኒ መሆኑን ለየችው።

ሀጂ ቁርኣን እንጂ የአማርኛ ፊደል አይለዩም፤ ቢሆንም አንገታቸውን አስግገው አዩት። “ይሄ የፈረንጅ ነው።”

“የፈረንጅም አይደል ሀጂ። ፎንቱ ጠፍቶ ነው። ሩፊ የምትጽፍበት የድሮው የግዕዝ ፊደል እኔ ፎርማት ሳደርግ ሄዷል። ጥፋቱ የኔ ነው።”

“ያ ፊደል እኮ የትም አይገኝም” አለች ሩፈይዳ፣ ትንሽ ፈጥና።

“ማን አለሽ? ቦሳ አዲስ ሰፈር፣ ጓደኛዬ ሱቅ አግኝቼው መጣሁ።” ከቁልፉ ማንጠልጠያ ላይ ፍላሽ ፈታ።

“ቫይረስ ቢኖርበትስ?”

“ልክ ነሽ። መጀመሪያ ስካን ላድርገው።”

አረንጓዴው መስመር ከግራ ወደ ቀኝ መሳብ ጀመረ። ሩፈይዳ በልቧ የቁርኣኑን ያሲን ማነብነብ ጀመረች፤ መሐል ላይ ጠፋባት፤ እንደገና ጀመረች። አላህን ምን ብላ እንደምትለምነውም ግራ ገባት። ሰው ቫይረስ ይግባልኝ ብሎ ዱዓ ያደርጋል?

ፋሂም በበሩ አንገቱን አስገባ። “አባ፣ አልጨረሱም? ድንበሩ እስከ ወንዙ መባሉን አይታችሁ አሳትሙ።”

“ገና አልተከፈተም” አሉ ሀጂ።

ፋሂም ተመልሶ ወጣ። ሩፈይዳ ያን ቀን ወንዝ የሚል ነገር መጻፏ ትዝ አላላትም፤ አረንጓዴው መስመር ግን ሞልቶ ስለነበር የምታስብበት ጊዜ አላገኘችም።

“ንጹሕ ነው” አለ ነቢዩ። ፎንቱን ጫነ፣ ፋይሉን ዘጋ፣ መልሶ ከፈተው። ገጹ አንዴ ነጣና በፊደል ሞላ። ጥርት ያለ፣ ጥቁር፣ ማንም ሊያነበው የሚችል አማርኛ።

“ፈታሁት! ላንብብልዎት ሀጂ? ‘ለተከበሩ ለወይዘሮ ዙህራ። እኔ...’”

የዲቫይደሩ ማጥፊያ ከጠረጴዛው ሥር ነው። የሩፈይዳ የእግር ጣት ባለቤቱን ሳያማክር እዚያ ደረሰ። ስክሪኑ ጨለመ።

“መብራት ሄደ” አለች።

የፀጉር አስተካካዩ ማሽን ማጉረምረሙን ቀጥሏል። ሀጂ ቀና ብለው ኮርኒሱ ላይ የሚበራውን አምፖል አዩት፤ ቀጥሎ ጎንበስ ብለው ከጠረጴዛው ሥር ባዶ እግሯን አዩት። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

ነቢዩ ነገሩ አልገባውም። “ነካሽው መሰለኝ” ብሎ ማጥፊያውን መልሶ አበራው። “ችግር የለም፣ ወርድ ራሱ ይመልሰዋል።” ኮምፒውተሩ ተነሳ። ከዚያ ወርድ የመጨረሻው ፋይል ይመለስ ወይ ብሎ ጠየቀ። “ልመልሰው?”

“አትመልሰው።” ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። “ሀጂ፣ ያ የእርስዎ ቃል አይደለም። የእርስዎ ጠፍቷል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ በላዩ የሌላ ሰው ጽፌበት።”

ከዘራው ወለሉን አንዴ መታ። “የማን?”

ዝም አለች። ዝም ማለቷ ግን መልስ ሆነ፤ ለወይዘሮ ዙህራ የሚጽፍ ሌላ ማን አለ።

“ክፈተው” አሉ ሀጂ፣ ወደ ነቢዩ ሳይዞሩ። “እሰማዋለሁ።”

ነቢዩ እጁን ማውሱ ላይ አድርጎ ሩፈይዳን አያት። አሁን እሱም ገብቶታል።

“የሰው ነው ሀጂ” አለች። “ይህን ለእርስዎ ከከፈትኩ፣ ነገ የእርስዎን ለእሱ እከፍትለታለሁ ማለት ነው።”

ሩፈይዳ እስከ ማታ ሰቃ፣ እስከ ጁምዓ ደግሞ ጅማ ሙሉ ስሟን ሲያነሳ ታያት።

“ዝጋው” አሉ በመጨረሻ። ቀጥለውም፣ “ጆጉ የት ነው?”

በር ላይ ዉዱእ ሲያደርጉ ነቢዩ ፍላሹን ነቅሎ ሹልክ ብሎ ወጣ። ሩፈይዳ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ባዶ ገጽ ከፈተች። ኅዳጉ ሰፊ ነው፣ አርእስቱ የት እንደሚውል አይታወቅም። ቤቱን ያጣ ሰው ያህል ተደናበረች።

ሀጂ ወደ ቂብላ ዞረው ተቀመጡ። ቢስሚላህ ብለው ጀመሩ፤ ሰላምታው ያው፣ የአባታቸው ስም ያው። “በላይ በኩል መንገዱ፣ በታች በኩል እስከ ወንዙ...”

ጣቶቿ ቆሙ።

“ምን ሆንሽ?”

ያን ቀን እስከ ዋንዛው ዛፍ ነበር ያሉት። አሁን ታወሳት፤ የዋንዛን ኦሮምኛ ወደ አማርኛ ስትመልስ ያሰበችው ሁሉ ታወሳት። በዋንዛውና በወንዙ መሐል ያለው ከቡናው ሁሉ የተሻለው ነው፤ ጠቡም እሱው ነው። ዝም ብትል ማንም አያውቅም፤ የመጀመሪያው ቃል እንደሆነ ጠፍቷል። ብትናገር ደግሞ በር ላይ ፋሂም አለ።

“ሀጂ... ያን ቀን እስከ ወንዙ አላሉም። እስከ ዋንዛው ነው ያሉት።”

ሀጂ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲገልጡት ያዩት እሷን ሳይሆን በሩን ነው።

“ያን ቀን ብቻዬን ነበርኩ” አሉ በኦሮምኛ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “ከዚያ ወዲህ ልጆቼ ማታ ማታ ወንዝ፣ ወንዝ ሲሉ... አንደበቴ ለመደው።”

ሩፈይዳ እሷ ብቻ የምትፈራ መስሏት ነበር።

“የቱን ልጻፍ?”

“ያን ቀን ያልኩትን። ቶሎ በይ፣ ሳይገባ።”

ጻፈች፤ ማተሚያው እያቃሰተ አወጣው። ሀጂ አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ፣ ከዚያም ወረቀቱ ላይ ተጫኑ። ጣታቸውን ሳይጠርጉ ፋሂም ገባ።

“እስከ ወንዙ አሉ አይደል?”

“ቃሌን ተናግሬአለሁ።”

ፋሂም እጁን ለወረቀቱ ዘረጋ። ሀጂ ግን አጥፈውት፣ ኮታቸው ውስጥ ከተው ቆለፉት። የተዘረጋው እጅ ትንሽ አየር ላይ ቆየ። አባትየው ከዘራቸውን ይዘው ወጥተው መኪናው ላይ እስኪወጡ ፋሂም አልተንቀሳቀሰም።

“ኮምፒውተሩ ላይ አለ?” አላት።

“አለ።”

“አባን አድርሼ እመለሳለሁ። ትከፍችልኛለሽ።”

አይሱዙው ጭሱን ለቆ ሄደ። ሩፈይዳ በሩን እያየች ፋሂም ሲመለስ የምትለውን ተለማመደች። “የሰው ነው።” መጀመሪያ ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ደገመችው። በማሽኑ ጉርምርምታ ውስጥ ድምፅዋ ለራሷም በቅጡ አልተሰማትም። ሠለሰችው።