እናቱ የተቀመጠችበት ቀን

ፎቶ አንሺው በሕይወቱ ካነሳቸው ሁሉ የሚበልጠውን ፎቶ ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው አልቻለም፤ ቀዶ ሊጥለውም አንጀቱ አልቻለም። ከሥራ ክፍሉ መደርደሪያ ጀርባ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አቆመው። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ጨርቅ ጣል ያደርግበታል። ለምን እንደዚያ እንደሚያደርግ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር፤ እሱም ለእህቱ እንኳ ትንፍሽ አላለም።

የሰውዬው አሠራር ከሌላው ይለያል። ሌላው ፎቶ አንሺ ዓይን እስኪርገበገብ አንስቶ ይጨርሳል። እሱ ግን አሮጌ የእንጨት ካሜራውን በሦስት እግሩ ያቆምና፣ ሌንሱ ላይ ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት ገጥሞ፣ መዝጊያውን ከፍቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠብቃል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለእሱ ነው እያሉ ጓደኞቹ ይቀልዱበታል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ፊልሙ የሚይዘው የማይነቃነቀውን ብቻ ነው። ወንበሩ፣ መጋረጃው፣ የግድግዳው ስንጥቅ ቁልጭ ብለው ይወጣሉ። የሚንቀሳቀስ ሰው ግን ፊልሙ ሳያየው ያልፋል፤ ክፍሉ ውስጥ ስንት ሰው ቢመላለስ ፎቶው ላይ የሚታየው ባዶ ክፍል ነው።

በዚህ መንገድ ለዓመታት የእናቱን ቤት አነሳ። ሥራውን «ቤት» ብሎ ሰየመው፤ ማለቂያም አላበጀለትም። ለእንጀራው የሰው ሠርግ ያነሳል፣ የምርት ማስታወቂያ ያነሳል፤ ጊዜ ባገኘ ቁጥር ግን ካሜራውን ተሸክሞ ወደ እናቱ ቤት ነው። ኩሽናውን በጠዋት ብርሃን፣ ኮሪደሩን በክረምት፣ አልጋዋን ገና ሳይነጠፍ አነሳ። የሥነ ጥበብ ዐዋቂዎች ፎቶዎቹን አይተው ስለ ባዶነትና ስለ ዝምታ ብዙ ጻፉ። እውነቱን ለመናገር ቤቱ አንድም ቀን ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ እናቱ በእያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ ከወዲያ ወዲህ እያለች ነበር።

እናቱ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፍታ፣ ለጠራ ሁሉ አቤት እያለች፣ ሰውን ከሰው ስታገናኝ ዕድሜዋን ጨረሰች። ጡረታ የወጣች ዕለት ከእንግዲህ እኔና ወንበር ተፋተናል አለች፤ ቃሏንም ጠበቀች። ልጇ መዝጊያውን በከፈተ ቁጥር አንድ የረሳችው ነገር ትዝ ይላታል። ልብስ ታጣጥፋለች፣ መነጽሯን ትፈልጋለች፣ መነጽሯ አናቷ ላይ ሆኖ። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ታገላብጠውና ታዲያ እኔ የታለሁ ትለዋለች። ብትቀመጪ እኮ ትወጫለሽ ይላታል። ብቀመጥማ ቤቱን ማን ሊያነሳው ነው ትላለች። እንዲህ ሲባባሉ ዓመታት አለፉ።

ታላቅ እህቱ በበኩሏ ስም አውጥታለት ነበር፤ «አቶ ዝም በሉ»። መዝጊያው ሲከፈት የተቀመጠ ሰው ካፉ ቃል እንዲወጣ አይፈቅድማ። አፍ ከተከፈተ ፊት ይንቀሳቀሳል፣ ፊት ከተንቀሳቀሰ ምስሉ ይደበዝዛል። ጣቱን ከንፈሩ ላይ ያደርግና ሁሉም ጸጥ ይላል። እህቱ፣ ካሜራው ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጆሮ ያወጣው ትለዋለች። እሱም ይስቅ ነበር።

ያን ዕለት ሳሎኑን ለማንሳት በጠዋት ሄደ። ካሜራውን ሲያስተካክል እናቱ የታጠፈ ልብስ ታቅፋ ገባች፣ መስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ቁጭ አለች፣ ልብሱንም ጭኗ ላይ አደረገች። እሱም በጥቁሩ ጨርቅ ውስጥ ሆኖ በካሜራው መስታወት ላይ አያት። በዚያ ካሜራ መስታወት ላይ ሁሉም ነገር ተገልብጦ ነው የሚታየው፤ ጣሪያው ከታች፣ ወለሉ ከላይ። የተገለበጠ ፊት ትንሽ ቢጣመም ማን ልብ ይለዋል? ብርሃኑ ጉንጯ ላይ አርፎ ነበር። ልቡ በደስታ ዘለለ።

«ጎበዝ እማዬ» አላት። «ዛሬ ገና ተቀመጥሽልኝ።»

ፊልሙን አስገብቶ መዝጊያውን ከፈተ። ከዚያ በኋላ ዓይኑ እሷ ላይ አልነበረም፤ መስኮቱ ላይ ነበር። ደመና መጥቶ ብርሃኑን እንዳይሰርቅበት ሰማይ ሰማዩን ያያል። በመሀል ከአፏ የሆነ ድምፅ ወጣ። ዘወር ሳይል ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ጥቂት ቆይቶ ግራ እጇን ስታነሳ በዓይኑ ጠርዝ ታየው፤ እጇን እንዳታንቀሳቅስ በቀስታ ነገራት። እጇ ተመልሶ ጭኗ ላይ ወደቀ። ደመናውም አልመጣም። ግማሽ ሰዓቱ ሞልቶ መዝጊያውን ዘጋና፣ አሁን መነሳት ትችያለሽ እያለ ፈገግ ብሎ ዞረ።

መነሳት አልቻለችም። የፊቷ ቀኝ ጎን ወርዶ ነበር፤ ልትናገር ትሞክራለች፣ ቃሉ ግን አይሆንላትም። እንዴት እንዳነሳት፣ እንዴት መኪና ውስጥ እንዳስገባት አያስታውስም። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ እህቱ እየሮጠች መጥታ ምን ሆነች ስትለው፣ ስገባ እንዲህ ሆና አገኘኋት አላት። ውሸቱ ሳያስበው ነበር ያመለጠው፤ ካመለጠ በኋላ ግን መልሶ ሊውጠው አልቻለም። እናቱ ጥቂት ሳምንታት ያለ ቃል ሰነበተችና ሞተች።

ፊልሙን ለማጠብ ብዙ ጊዜ ፈራ። በመጨረሻ ጨለማ ክፍሉ ገብቶ ወረቀቱን ፈሳሹ ውስጥ ነክሮ ሲያወዛውዘው፣ እናቱ ቀስ እያለች ወጣች። ስንት ዓመት ሙሉ ያልወጣችው ሴት፣ የሹራቧ ክር ሳይቀር እየተቆጠረ ቁልጭ ብላ ወጣች፤ የወረደው የፊቷ ጎን ብቻ ጥላ ውስጥ ቀርቷል። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄው ነው።

ሥራዎቹን የምታሳይለት የጋለሪ ባለቤት አንድ ቀን ሳታስፈቅድ ጨርቁን ገለጥ አድርጋ አየችውና መቀመጫ መቆሚያ አሳጣችው። «ቤት» የሚለው ሥራ በዚህ ፎቶ ይዘጋ፣ በር ላይ ትልቅ ተደርጎ ይሰቀል አለች። ባዶ ቤት ባዶ ቤት ተብሎ ተብሎ በመጨረሻ ባለቤቲቱ ስትገለጥ አይታይህም ወይ ስትለው፣ ቆይ ላስብበት እያለ አጓተታት። ልታይ ልታይ የሚል ሰው አልነበረም፤ ሙያው ግን ሙያ ነውና፣ ሴትዮዋ ልክ እንደሆነች ያውቃል። እሱን ያሳመመውም ይኸው ነበር።

ከዚያ እህቱ መጣች። ቤቷ የምትሰቅለው የእናቷን ፎቶ ፈልጋ ነበር። ከመታወቂያ ላይ ካለችው ቁጡ ሴት በቀር እናታችን የለችኝም፣ ወንድሜ ስመ ጥር ፎቶ አንሺ ሆኖ ይሄ ያሳፍራል አለችው። እሱ ከሣጥን ሣጥን ሲያገላብጥ እሷ ሰልችቷት ክፍሉን ስትዞር፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረውን ፎቶ አገኘችው። ወደ መስኮቱ ወስዳ በብርሃን አየችው፤ ፊቷም እንደ ልጅነቷ ሆነ።

«ተቀመጠችልህ?» አለች። «አንተ፣ ይሄን ደብቀህ ነው? አቤት ደስ ስትል። ያረፈች ትመስላለች።»

የያዘውን ሣጥን መሬት አስቀመጠ። እሷ በጣቷ ፎቶውን ሳትነካ እየተከተለች ሹራቡን፣ የታጠፈውን ልብስ፣ ፀጉሯን አየች። ጣቷ ከአንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሁሉ ነገር ጥርት ባለበት ፎቶ፣ በግራ እጇ በኩል ጭስ የመሰለ ነገር ከጭኗ ወደ ላይ ይወጣል።

«እጇ ምን ሆኖ ነው?»

ፊልሙ ነው ሊላት ይችል ነበር። ፊልሙ ተበላሽቶ ነው ቢላት ታምነዋለች፤ ስለ ፊልም ምን ታውቅና። ፎቶውን ይዛ ሄዳ ትሰቅለዋለች፣ እሱም በሄደ ቁጥር ከሥሩ ተቀምጦ ይበላል። ይህን አሰበው፤ አልቻለም።

«እየጠራችኝ ነበር» አላት። «በዚያ ጠዋት ነው ያነሳኋት። ሲጀምራት እዚያው ነበርኩ፣ እትዬ። ዝም በይ አልኳት።»

እህቱ አልገባትም፤ ወይም እንዲገባት አልፈለገችም። እሱ ግን አንዴ ከጀመረ ማቆም አቃተው። በዚህ አሠራር እጅ አንዴ ብቻ ከፍ ብሎ ቢወርድ ፊልሙ እንደማያየው ነገራት። ይህን ያህል ጥላ እንዲቀር ደጋግማ፣ ደጋግማ ማንሳት ነበረባት። እሱ ያየው አንዱን ብቻ ነው። ሌላውን ሁሉ ያየው ካሜራው ነው።

እህቱ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠችው።

«ሐኪሙ ቶሎ መጥታ ቢሆን ኖሮ ብሎኝ ነበር» አለች። «ላንተ አልነገርኩህም፣ እንዳይከፋህ ብዬ። ብቻዋን ነበረች፣ ማን ይድረስላት እያልኩ ነበር ስጽናና የከረምኩት።»

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ፎቶውን አልወሰደችም።

ክረምቱን ሙሉ ስልኩን አላነሳችም። እሱም እየደወለ ጥሪውን እስኪቋረጥ ያዳምጣል። ዕድሜዋን ሙሉ ለጠራ ሁሉ አቤት ስትል የኖረች ሴት አንድ ጠዋት ብትጠራ ምን እንደገጠማት ያን ጊዜ በደንብ ገባው። ለጋለሪዋ ባለቤት ፎቶው እንደማይሰቀል፣ «ቤት» የተባለውም ሥራ እንዳበቃ ነገራት። ሴትዮዋ አኮረፈች።

ሥራ ካልሠራ ግን ያብዳል፤ ስለዚህ ሌላ ጀመረ። በዚያው ካሜራ፣ በዚያው አሠራር፣ የሠፈሩን አረጋውያን ወንበር ላይ አስቀምጦ ማንሳት። አንድም ፎቶ ግን በወጉ ሊወጣለት አልቻለም። መዝጊያውን በከፈተ ጥቂት ሳይቆይ፣ ደህና ነዎት ብሎ ይጠይቃል። ደህና ነኝ ይሉታል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይጠይቃል። አንድ ጡረተኛ መምህር ልጄ አንተ ሐኪም ነህ ወይስ ፎቶ አንሺ ብለው ሳቁበት። ፎቶዎቹ ሲታጠቡ የሁሉም አፍ ደብዝዟል። የጋለሪዋ ባለቤት ኩርፊያዋን ረስታ መጣችና አዲስ ስልት ነው ብላ አደነቀች፤ ስልት አይደለም ቢላት አልሰማችውም።

ክረምቱ ሲወጣ አንድ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። እህቱ ነበረች። ከስታለች። የጋለሪዋ ሴትዮ መንገድ ላይ አግኝታት ስለ አዲሱ ሥራ እንደነገረቻት ብቻ ተናገረች። ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን አፈ ደብዛዛ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አንድ በአንድ አየቻቸው። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም፤ እሱም አልጠየቃትም። ካፖርቷን አውልቃ ሄዳ ካሜራው ፊት ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«አንሳኝ» አለችው። «እኔም ፎቶ የለኝም።»

በጥቁሩ ጨርቅ ውስጥ ሆኖ ተገልብጣ አያት። ከዚያ ወጥቶ እንደገና በዓይኑ አያት፤ ፊቷ ቀጥ ያለ ነበር። ፊልሙን አስገብቶ መዝጊያውን ከፈተ። ዛሬ ወደ መስኮቱ አልዞረም።

«ደህና ነሽ፣ እትዬ?»

እንባዋ በጉንጯ ወረደ፤ ራሷን ግን አላንቀሳቀሰችም።

«ደህና ነኝ። ዝም በል እንግዲህ፣ ፎቶው ይበላሻል።»

«ይበላሽ» አላት። ጥቂት ቆይቶም ደግሞ ጠየቃት።