የካሜራዋ ቀን

ተሳቢው የክሪኩን ብረት ከፍ ሲያደርግ ፍላሹ ክንዱ ላይ ተንጠለጠለ። ተንጠለጠለ ስላችሁ የምሬን ነው፣ እግሩ መሬት ለቋል። ታላቅ ወንድሙ ተሳቢው እኮ ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ከነተሳቢው ሲነዳ የኖረ ሰውዬ ነው፣ ቅጽል ስሙም ከዚያው የመጣ። ፍላሹ ደግሞ ከካሜራ የከበደ ነገር አንስቶ የማያውቅ ፎቶ አንሺ። ቢሆንም ብረቱ አቅጣጫውን ሳተና የመላጣውን ራስ ትቶ ትከሻው ላይ አረፈ። ቋ አለ። መላጣው ከወንበሩ ተንሸራቶ የስቱዲዮው ነጭ መጋረጃ ላይ ተዘረረ። መጋረጃው ከዚያ ወዲያ ነጭ አልሆነም።

"ጋሼ በናትህ፣ ሰውየው ይሞታል።"

"እንዲሞት አይደል ያመጣሁት።"

መላጣው ጎረቤት ያለው ልብስ ሰፊ ነው። ተሳቢው ከስፌት ማሽኑ ላይ በኮሌታው አንስቶ፣ እየጎተተ ወደ ወንድሙ ስቱዲዮ አስገብቶ፣ የብረት መዝጊያውን ከውስጥ ስቦ ዘጋው። ሜትሩ እንኳ አሁንም አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

የነገሩ ሁሉ መነሻ ጠረጴዛው ላይ ያለችው የተሳቢው ቤት ካሜራ ናት። ትንሽ፣ ኪስ የምትገባ ዲጂታል። ተሳቢው ትናንት ማታ ከመንገድ ገባ፤ ዛሬ ረፋድ ላይ የልጄን ፎቶ ልይ ብሎ ከፈታት። የመጣችለት ፎቶ ግን የልጁ አይደለችም። ሚስቱ ናት፣ ሻሿን አስራ፣ ከጀርባዋ። ፊት ለፊቷ መላጣው በካናቴራ ተቀምጧል፣ ያውም በተሳቢው ሶፋ ላይ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እሷ መላጣ ራሱን እየዳበሰችለት።

ፎቶዋ ብዥ ብላለች። ጥግ ላይ ያለው ቀን ግን በብርቱካንማ ቁጥር ጥርት ብሎ ይነበባል፦ ከሰባት ዓመት በፊት የነበረው የፈረንጅ ዓመት የመጀመሪያ ቀን። ተሳቢው ወደብ ሥራ አግኝቶ ከቤት በወጣ በሳምንቱ ማለት ነው። ሚጢጢ የተባለችው አንድ ልጁ ደግሞ ከዚያ ዘጠኝ ወር ቆጥራ ተወለደች። "የስንብት ልጅ" እያለ በየመንገዱ ሲኮራባት የኖረ ሰው ነው። አሁን ቁጥሩን ሲያይ ምን እንዳሰበ ልንገራችሁ እንዴ?

"ሚጢጢ የማን ናት?" አለ፣ ብረቱን መላጣው ደረት ላይ ተክሎ። "ቀስ ብለህ ንገረኝ። አልቸኩልም።"

"ያንተ ናት። ያንተ ናት፣ አባቴ ይሙት።"

"የኔ መሆኗን አንተ በምን አወቅክ?"

ተሳቢው በእርግጫ ጎኑን አለው።

ፍላሹ በዚህ መሃል ነው ካሜራዋን ያነሳት። የዓመት የመጀመሪያ ቀን። የእንጀራው ጉዳይ ነውና ወዲያው ገባው።

"ጋሼ፣ ይሄ ቀን ውሸት ነው። ስማኝ። ካሜራ ውስጥ ቀኑን የምትይዝ ሌላ ትንሽ ባትሪ አለች። እሷ ከደከመችና ትልቁን ባትሪ ለቻርጅ አውጥተህ ካቆየኸው፣ ካሜራዋ ቀኑን ትረሳና የተሠራችበት ዓመት መጀመሪያ ላይ ሄዳ ቁጭ ትላለች። ሰዉ ሁሌ ይዞልኝ የሚመጣው ችግር ነው። እሁድ ሚጢጢ ስታመጣት ቀን ጠፍቶባት ነበር። እኔ ነኝ የሞላሁላት።"

ተሳቢው በጥፊ መለሰለት። ፍላሹ ከመብራት ማቆሚያው ጋር ተያይዞ ወደቀ፣ አምፖሉ ተፈረካከሰ።

"ለሷ ጠበቃ ቆምክላት?"

"ላንተ ነው የቆምኩት። ነፍስ አጥፍተህ ልጅህን ማን ሊያሳድግልህ ነው?"

ተሳቢው ትንፋሹን ሰበሰበ። "እሺ። አሳየኝ። ከዋሸኸኝ ግን ከሱ ቀጥሎ አንተ ነህ፣ የእናቴ ልጅ ነህ ብዬ አልምርህም።"

ፍላሹ ባትሪውን አወጣ። መልሶ ከተተው። ከፈታት። ቀኑ የዛሬው። ሰዓቱም ልክ። ከግድግዳው ሰዓት ጋር ዝንፍ አትልም፣ የተረገመች። ለካ ትንሿ ባትሪ ከእሁድ ጀምሮ ከትልቁ ስትጠጣ ሰንብታ ነፍስ ዘርታለች።

"ጥሩ አድርጋ ታስታውሳለች" አለ ተሳቢው፣ ወደ መላጣው እየዞረ።

"ቆይ፣ ቆይ ጋሼ። ባትሪው ወጥቶ መቆየት አለበት።"

"እስከ መቼ?"

"እስክትረሳ።"

እንዲህ ተብሎ ይጠበቃል? ተሳቢው ግን ጠበቀ፣ ረፋዱ አልፎ ቀትር እስኪሆን። ሕፃናት ፎቶ የሚነሱባት የፈረስ ቅርጽ ያላት ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ያን የሚያክል ሰው፣ ጉልበቱ ጆሮው ጋ ደርሶ። ሌላ ቀን ቢሆን ፍላሹ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። ውጭ ሰው ተሰብስቦ መዝጊያውን ይደበድባል። መሃል ላይ የሚስቱ ድምፅ ተሰማ፣ "ክፈትልኝ፣ ልናገር" ትላለች። በስሟ ሲጠሯት ተሳቢው ጥርሱን ሲያፋጭ ይሰማል።

ያኔ የሞተ መስሎ የተኛው መላጣው ቀስ ብሎ ከሽርጡ ኪስ መቀሱን አወጣ። ፍላሹ አይቶታል። ተው ሊለው አፉን ሲከፍት መቀሱ የተሳቢው ባት ውስጥ ገብቶ ነበር። ተሳቢው አልጮኸም። ጎንበስ ብሎ መቀሱን እንደ እሾህ ነቀለ፣ የመላጣውን ቀኝ እጅ በጫማው ረገጠ፣ ብረቱንም ጣቶቹ ላይ አወረደው። አንዴ አይደለም። ፍላሹ ከኋላ ወገቡን አቅፎ ሲጎትት በክርኑ አፍንጫውን አገኘውና ደም በደም ሆነ። እንግዲህ ልብስ ሰፊው የሚበላው በነዚያ ጣቶች ነበር።

"አሁን ረስታለች?" አለ ተሳቢው እያለከለከ።

ፍላሹ ባትሪውን ከተተ። ቁልፏን ሲጫን ደሙ ላይዋ ላይ ተንጠባጠበ። ስክሪኑ በራና ቀን ሙላልኝ ብላ ጠየቀች። ሳይሞላ እሺን ብቻ ተጫነ፣ ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው እንደሚያደርገው።

"ጋሼ፣ ቀና በል።"

ቀጭ። ያነሳትን አሳየው። ተሳቢው፣ የክሪክ ብረቱ፣ ደም የነካው መጋረጃ። ጥግ ላይ ደግሞ ያ ቀን፣ ያው ዓመት፣ ያው ብርቱካንማ ቁጥር።

"ይኸው አንተም ያኔ እዚህ ነበርክ" አለ ፍላሹ። "ይሄ ስቱዲዮ እኮ ያኔ አልተከፈተም።"

ተሳቢው አየ። ደግሞ አየ። ብረቱ ከእጁ አምልጦ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። "የኔ ናት" አለ፣ እንደ ሕፃን ከንፈሩን እያንቀጠቀጠ። "ሚጢጢ የኔ ናት።" ፍላሹም በቃ፣ ተገላገልን ብሎ ተነፈሰ።

የሚስትየዋንና የመላጣውን ፎቶ ለማጥፋት ብሎ ነው ካሜራዋ ውስጥ ወደ ኋላ የተመለሰው። ጣቱ አንድ ጊዜ አብዝታ ተጫነችና ከእሷ በፊት የተነሳችው ብቅ አለች። ሚጢጢ ናት፣ እየሳቀች፣ የፊት ጥርሷ ወልቆ። እዚህም ጥግ ላይ ያው የውሸት ቀን አለ። መጀመሪያውኑ ይቺን ቢያሳየው ኖሮ ያ ሁሉ መጠበቅ ባላስፈለገ፤ ያልተወለደች ልጅ ፎቶ አትነሳም። ግን ጥርሷ የወለቀው ባለፈው ወር ነው። ተሳቢው መንገድ ላይ ሆኖ በስልክ ነው የሰማው፣ "ስድስት" በይ እያለ በጎደለው ጥርሷ ሲያስቃት። ከዚያ ወዲህ ትናንት ማታ ነው ቤቱን ያየው። እና መላጣው በካናቴራ ሶፋው ላይ የተቀመጠው ከዚህች ፎቶ ቀጥሎ ነው፣ ተሳቢው መንገድ ላይ ሳለ። ብዥ ያለችውን ያነሳችውም ሚጢጢ ሳትሆን አትቀርም።

"ቆይ እስቲ" አለ ተሳቢው፣ እንባውን በእጁ ጀርባ እየጠረገ። "ቀኑ ውሸት ከሆነ፣ እውነቱ መቼ ነው?"

መላጣው ከወለሉ ላይ ባበጠች ዓይኑ ፍላሹን ያየዋል፣ ትንፋሹን ይዞ። ውጭ ሚስቱ አሁንም መዝጊያውን ትደበድባለች። ብረቱ ከተሳቢው እግር አልራቀም።

"አንተን አምናለሁ" አለ ተሳቢው፣ እጁን ለካሜራዋ ዘርግቶ። "ንገረኝ፣ ወይ አምጣት።"

የፍላሹ አውራ ጣት ማጥፊያው ላይ ናት። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር?